ከወንበሩ አልፎ መጽሐፉ ጋር መድረስ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንጠቀም

ላይብረሪ ገብቶ የራሱን ሀንዳውት አንብቦ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው። ወንበሩም ጸጥታውም ይጠቅማል፣ ክፋት የለውም። ግን ሀንዳውቱ የተቀዳበት መጽሐፍ ከነምሳሌው፣ ከነመልመጃው ጥቂት እርምጃ ርቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ብዙዎች እዚያ የማይደርሱት ከስንፍና አይደለም። መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግ አንዴም ቁጭ ብሎ ያሳያቸው የለም። ስለዚህ እዚህ ስለ ወንበር ትንሽ፣ ስለ መፈለግ ብዙ እንላለን።

የትኛው ግቢ?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. ሁለት የቆዩ ተቋማት ተዋህደው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የጅማ እርሻ ኮሌጅና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ይህ ታሪክ ለላይብረሪ ተጠቃሚ ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛ፣ ስብስቡ በግቢ የተከፋፈለ ነው። የግብርናና የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት በግብርና ኮሌጁ ግቢ፣ የምህንድስናው ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የጤናው ደግሞ ዋናው ግቢ ይፈለጋል። ባጃጅ ከመያዛችሁ በፊት ካታሎጉ (የላይብረሪው የመጻሕፍት ዝርዝር) ላይ «ሎኬሽን» የሚለውን መስመር አንብቡ። ርዕሱን ብቻ አይቶ የሮጠ ሰው የተሳሳተ ግቢ ደርሶ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ የድሮ ጥናቶችና ሪፖርቶች የተመዘገቡት በድሮዎቹ ስሞች ነው። ከ1992 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነገር ስትፈልጉ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ» ብላችሁ ብትጽፉ አታገኙትም፤ በኮሌጁ ወይም በኢንስቲትዩቱ ስም ሞክሩ። የቦታ ስምም እንደዚያው ነው። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች በዚያ ዘመን የተጻፈው «ከፋ» በሚለው ሥር ይገኛል። በእንግሊዝኛ ፊደል ከፋ ራሱ በሁለትም በአንድም «ኤፍ»፣ ጅማም በአንድም በሁለትም «ኤም» ይጻፋል። ጣሊያኖቹ ጅማን በ«ጂ» ፊደል ጀምረው ስለጻፉ በድሮ ካርታና ሪፖርት ላይ «ጊማ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ጊቤ አንዳንዴ «ኤች» ይጨመርበታል። የምርምር ርዕሳችሁ ግልገል ጊቤን የሚነካ ከሆነ ሁለቱንም አጻጻፍ ፈልጉ።

በሩ ላይ

መታወቂያ የግድ ነው። የሰው መታወቂያ ይዞ መግባት ሁለቱንም ያስጠይቃል። ቦርሳ ውጭ የሚቀመጥ ከሆነ ገንዘብ፣ ስልክና ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁኑ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ግቢ በር ላይ ከነሲሪያል ቁጥሩ አስመዝግቡ፤ የሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ። ላፕቶፑ ቢጠፋ ለጥበቃም ለፖሊስም መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። የራሳችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ከገባችሁ ሲገቡ ለፈታሹ አሳዩት። ሲወጡ «የኔ ነው» ብሎ ከመከራከር ይሻላል።

ቁጥሩን ማንበብ

በመጽሐፉ ጀርባ ግርጌ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት አድራሻው ናት። በቁጥር ከጀመረች የዲዊ አመዳደብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ከጀመረች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ነው። በፊደሉ ሥርዓት «አር» ሕክምና፣ «ኤስ» ግብርና፣ «ቲ» ቴክኖሎጂ፣ «ኬ» ሕግ፣ «ኤል» ትምህርት፣ «ኪው» ሳይንስ ነው።

በዲዊ ከሆነ እነዚህን ማወቅ ብዙ ጉዞ ያስቀራል፦ ሒሳብ 510፣ ስታትስቲክስ 519.5፣ ፊዚክስ 530፣ ኬሚስትሪ 540፣ ሕክምና 610፣ ፋርማኮሎጂ 615፣ የውስጥ ደዌ 616፣ ቀዶ ሕክምና 617፣ የማኅፀን፣ የወሊድና የሕፃናት 618፣ ኤሌክትሪካል 621.3፣ ሲቪል 624፣ ግብርና 630፣ ቡና 633.73፣ እንስሳት ሕክምና 636.089፣ ኢኮኖሚክስ 330፣ ሕግ 340፣ ትምህርት 370፣ አካውንቲንግ 657፣ ማኔጅመንት 658፣ አማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ነጥቡ ጋ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው የሚነበበው እንደ ሙሉ ቁጥር ሳይሆን አኃዝ በአኃዝ ነው። 616.12 (የልብ በሽታ) ከ616.2 (የመተንፈሻ አካላት) በፊት ይመጣል፤ «12 ከ2 ይበልጣል» ብሎ ወደ ቀኝ የሄደ መጽሐፉን ጥሎት ያልፋል። 519.5 ከ519.54 ይቀድማል፤ 633.73 ከ633.8 ይቀድማል። ቁጥሩ እኩል ሲሆን ከታች ያሉት ፊደላት ይወስናሉ፣ እነሱም እኩል ሲሆኑ ዓመቱ። የቁጥሩን ፎቶ አንሱ ወይም ሙሉውን ጻፉ። በቃል ይዘውት ሲሄዱ መጨረሻው ይጠፋል።

መጽሐፉን ካገኛችሁ በኋላ ወዲያው አትመለሱ። ግራና ቀኙን አንድ ክንድ ያህል ቃኙ። ተመሳሳይ ርዕስ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ መምህሩ ከጠቆመው የቀለለ፣ ምሳሌ የበዛበት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገቡ ይገኛል። ደግሞም ሙሉውን ማንበብ ማን ያስገድዳል? ከኋላ ያለውን ኢንዴክስ ክፈቱ፣ ቃላችሁን ፈልጉ፣ ሦስት አራት ገጽ አንብቡና ጥቅሙን መዝኑ። 800 ገጽ መጽሐፍ ዶርም ተሸክሞ ሄዶ ሳይከፍቱ መመለስ ሸክም ብቻ ነው።

የሰው ስም፣ የፊደልና የዓመት ጣጣ

የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም በቤተ መጻሕፍት ደንብ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። የውጭ መጽሔቶችና ዳታቤዞች ግን የአባትን ስም አስቀድመው ይመዘግባሉ። የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በአንዱ «ጌታቸው» ላይ፣ በሌላው «ኃይሌ» ላይ ይገኛሉ። ሁለቱንም ሞክሩ። የእንግሊዝኛውም ፊደል ችግር አለበት፤ «ቸ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው «ቲ» አስቀድሞ በሦስት ይጽፈዋል። ካልመጣ ስሙን ትታችሁ ከርዕሱ ውስጥ ሁለት ጠንካራ ቃላት ብቻ ጻፉ።

አማርኛ ርዕስ ስትፈልጉ ደግሞ ሞክሼ ፊደላት ያስቸግራሉ፤ ኮምፒውተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን እያፈራረቃችሁ ጻፉ። በዓመት ስታጣሩም አማርኛ መጽሐፍ ላይ የታተመው ዓመት ዓ.ም. መሆኑን አትርሱ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ዓመት ስትደምሩ ነው የፈረንጁን የምታገኙት። ካታሎጉ በየትኛው እንደተሞላ ካልታወቀ ማጣሪያውን ጭራሽ አታብሩት።

ካታሎጉ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው

ይህ የየቀኑ ቅሬታ ነው። ካታሎጉ «አቬይለብል» ሲል ማንም አልተዋሰውም ማለት እንጂ ቦታው ላይ ነው ማለት አይደለም። «ቼክድ አውት» ከሆነ ሰው ጋ ነው፤ የመመለሻ ቀኑን ጠይቁ። «ኖት ፎር ሎን» ከሆነ እዚያው የሚነበብ ነው። «አለ» ብሎ ከጠፋ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦

መጀመሪያ በላይና በታች ያለውን መደርደሪያ እዩ፤ አንባቢ ሲመልስ ያገኘበት ሳይሆን የተመቸው ላይ ያኖራል። ቀጥሎ ከመደርደሪያው ጀርባ የወደቀ እንዳለ እጅ አስገብቶ መዳሰስ ነው። ከዚያ የተመላሽ መጻሕፍት ጠረጴዛና ጋሪ፣ ከዚያ ኮፒ ማሽኑ አካባቢ። ከዚያ አኃዝ ተገላብጦ ቢሆንስ ብላችሁ እዩ፤ 618 ያለበት 681 ላይ፣ 657 ያለበት 675 ላይ ይገኛል። በመጨረሻ ሆን ተብሎ የተደበቀ መጽሐፍ አለ። ፈተና ሲቃረብ ለጓደኞቹ ብሎ የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ታሪክ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ አይጠፋም። (ደባቂው ራሱ በማግስቱ የት እንዳኖረው ሲረሳ ማየት የተለመደ ነው።) ማንም የማይሄድባቸው መደርደሪያዎች ላይ፣ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታይ ትልቅና አዲስ ጥራዝ ፈልጉ። ካልተገኘ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለመደርደሪያ ሠራተኛው ስጡት። እነሱ መደበቂያዎቹን ያውቋቸዋል።

አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ራሳችሁ አትመልሱ፤ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ጨዋነት የሚመስለው መመለስ ነው ብዙውን መጽሐፍ የሚያጠፋው።

ሪዘርቭና መዋስ

ቅጂው ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ የሆነበት የኮርስ መጽሐፍ ሪዘርቭ ይገባል። መታወቂያ አስይዛችሁ ለተወሰነ ሰዓት እዚያው ታነባላችሁ፤ ለአዳር የሚሰጥ ከሆነም ማታ ወጥቶ ጠዋት ይመለሳል። ሪዘርቭ መስኮት ስትደርሱ የኮርሱን ስም ሳይሆን የመጽሐፉን ቁጥርና ደራሲ ተናገሩ፤ ሰልፉ የሚረዝመው «ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው» በሚሉት ነው። የተሻለው እትም ከተያዘ ከሱ አንድ እትም የቀደመውን ጠይቁ። ካልኩለስ ወይም አናቶሚ በአንድ እትም አይለወጥም። የመድኃኒት መጠን፣ የሕክምና መመሪያ፣ የታክስና የሒሳብ አያያዝ ደንብ ግን ይለወጣሉና እዚያ ላይ አዲሱን እትም ብቻ ተጠቀሙ።

ስትዋሱ ከመስኮቱ ሳትርቁ ሦስት ነገር እዩ፦ የመመለሻው ቀን መታተሙን፣ የተቀደደ ወይም የተቆረጠ ገጽ መኖሩን፣ ቁጥሩ ከተመዘገበላችሁ ጋር አንድ መሆኑን። የተጎዳ ገጽ ካለ ያኔውኑ አስመዝግቡ። ስትመልሱ ያልተመዘገበ ጉዳት የናንተ ተደርጎ ይቆጠራል። ለሲቢቲፒ ወይም ለቲቲፒ (ከግቢ ውጭ ለሚሰጡት የተግባር ሥልጠናዎች) ወደ ኅብረተሰቡ የምትወጡ ከሆነ የመመለሻው ቀን እዚያ ሳላችሁ እንዳይደርስ ቀድማችሁ አሳድሱ።

ከመጽሐፍ ገጽ ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ የርዕሱን ገጽና ጀርባውን አንሱ፤ አሳታሚው፣ ዓመቱና እትሙ ያለው እዚያ ነው። ያንን ትቶ ምዕራፉን ብቻ ያነሳ ተማሪ ሪሰርች ሲጽፍ «ይህ ገጽ ከየት ነበር?» እያለ ተመልሶ ይመጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ዝናቡ

የጅማ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም፤ በበልጉም ይመጣል። የተዋሱት መጽሐፍ ቦርሳ ውስጥም ቢሆን በፌስታል ይጠቅለል። ዶርም ውስጥ ከግድግዳ ጋር አታስጠጉት፣ አልጋ ሥርም አታኑሩት፤ እርጥበቱ ከዚያ ነው የሚገባው።

ከረጠበ ጊዜ አለ፣ ግን አጭር ነው። እርጥብ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ መሻገት ሊጀምር ይችላል። ጠርዙ ብቻ ከረጠበ መጽሐፉን አቁማችሁ ገጾቹን እንደ ማራገቢያ ዘርጉና ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ተዉት። ውስጡ ከገባ በየ10 ቅጠሉ ነጭ ሶፍት እያስገባችሁ፣ ሲረጥብ እየቀየራችሁ አድርቁ። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይጋባል። ፀሐይ ላይ ማስጣትና በካውያ መተኮስ ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ የጥራዙንም ሙጫ ያላቅቀዋል። አናቶሚ አትላስን የመሰለ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ገጾቹ እንደረጠቡ ተጣብቀው ከደረቁ አንድ ጡብ ይሆናሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይላቀቁም። ስለዚህ ገና እርጥብ ሳለ በየገጹ መሃል ሶፍት አስገቡና በማግስቱ ይዛችሁ ሄዳችሁ ንገሩ። የተደበቀ ሻጋታ ወደ ጎረቤት መጽሐፍ ይሸጋገራል።

ከዶርም ሆኖ መፈለግ

ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው አገልግሎት ውድ የሆኑ መጽሔቶችን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች በነፃ ወይም በቅናሽ ይከፍታል። ኢትዮጵያ በነፃው ምድብ ውስጥ ናት። ሂናሪ (ከ2002 ጀምሮ) ለጤና፣ አጎራ (2003) ለግብርና፣ አርዲ (2009) ለቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ (2018) ለሕግ ነው፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። መግቢያው የተቋሙ ነው፣ ከላይብረሪው ይጠየቃል።

ብዙ ተማሪ «ሂናሪ አይሠራም» የሚለው በተሳሳተ በር ስለሚገባ ነው። ጉግል ላይ ጽሑፉን አግኝቶ ሲከፍተው አሳታሚው ዶላር ይጠይቀዋል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ በሪሰርች ፎር ላይፍ ፖርታል ገብቶ፣ ከዚያ ሳይወጡ መጽሔቱን ወይም ጽሑፉን መፈለግ ነው። የይለፍ ቃሉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ፣ በአንድ ሌሊትም መቶ ጽሑፍ በፕሮግራም አታውርዱ። አሳታሚዎች ይህን ሲያዩ የሚዘጉት የአንድን ተማሪ ሳይሆን የተቋሙን መግቢያ ነው።

ቃላት አመራረጥ ላይ ጊዜ አጥፉ፤ ውጤቱ የሚለየው እዚያ ነው። በጅማ ቀበሌዎች ብዙ የተጠናውን የቡና ፍሬ በሽታ እንውሰድ። በሽታው በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዛሬ ፈንገሱ «ኮሌቶትሪከም ካሃዌ» ይባላል፤ ይህ ስም የወጣለት ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ከዚያ በፊት «ኮሌቶትሪከም ኮፊያነም» እየተባለ ይጻፍ ነበር። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዓመታት ጥናት ያጣል። ሁለቱን ስሞች በእንግሊዝኛው «ኦር» አገናኙ፣ ቅንፍ ውስጥ አስገቡ፣ ከ«ኢትዮጵያ» ጋር በ«ኤንድ» አያይዙ። ሁለቱንም ማገናኛ በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ሐረግ ሳይበታተን እንዲፈለግ በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት። ቡና የሚያጠኑ መልኮ ያለውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከዝርዝራቸው አያውጡት።

የቀድሞ ተማሪዎች የማስተርስ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው ሪፖዚተሪ (የኦንላይን ማከማቻ) ላይ ይፈለጋሉ። ዩኒቨርሲቲው የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል በነፃ ይነበባል። የአንድ ጥሩ ቲሲስ ዋና ጥቅሙ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ነው፤ ከሱ ላይ አምስት ጽሑፍ ብታወጡ ግማሹን ፍለጋ ሌላ ሰው ሠርቶላችኋል። አንቀጹን መገልበጥ ግን ኩረጃ የሚፈትሸው ሶፍትዌር ይይዘዋል።

ማጣቀሻችሁን ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር ያዙ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ኦንላይን የሚሰጠው የነፃ ቦታ 300 ሜጋባይት ስለሆነ ፒዲኤፎቹን ላፕቶፕ ላይ ተዉአቸው። የኢትዮጵያ ደራሲ ስትመዘግቡ ከስሙ ጎን ያለውን ምልክት ነክታችሁ ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጉት። አለዚያ «ጌታቸው ኃይሌ» «ኃይሌ፣ ጌ.» ሆኖ ይወጣል።

የወረደ ፋይል ከወጡ በኋላ ሳይሆን እዚያው ተከፍቶ ይታይ፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግማሽ ፒዲኤፍ ይወርዳል። ከማተሚያ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ውስጥ ፋይሎቹ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነው ከታዩ ቫይረስ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን አትንኩ፤ መጀመሪያ በጸረ ቫይረስ አስፈትሹት።

ፈተና ሰሞን

ወንበር በጠዋት ይያዛል፣ ሀንዳውት ጥሎ ቁርስ መሄድ ግን ከሰው ያጣላል። ሶኬት ጥቂት ነውና ላፕቶፕ ዶርም ሞልታችሁ ግቡ። መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ያልተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ግሩፕ ሆናችሁ የምትወያዩ ከሆነ የውይይት ክፍል ጠይቁ፤ በሹክሹክታ የሚደረግ ክርክር ከጩኸት በላይ ይረብሻል።

ጂሲዎች (ተመራቂዎች)፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የፕሮግራማችሁን ብሉፕሪንት (የፈተናውን የርዕስ ዝርዝር) ይዛችሁ ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ መጽሐፍና ቁጥሩን ጻፉ። ይህን በመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሥሩት፤ ግንቦት ላይ ሪዘርቭ መስኮት የሚቀረው ሰልፉ ብቻ ነው።

ክሊራንስ

አንድ ያልተመለሰ መጽሐፍ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚለውን ማረጋገጫ) ያስቆማል፣ ክሊራንስ ደግሞ ዲግሪውን። የጠፋ ካለ የማስፈረሚያው ሳምንት ሳይደርስ አሳውቁ። ተመሳሳዩን መጽሐፍ ገዝቶ ለመተካት ጊዜ ያስፈልጋል፤ እትሙ ልክ ይሁን፣ ከመግዛታችሁም በፊት ይቀበሉት እንደሆነ ጠይቁ። ለጓደኛ የተዋሳችሁለት መጽሐፍ ዕዳው የናንተ ነው። ስትመልሱም መስኮቱ ላይ ጥሎ መሄድ አይበቃም፤ ሠራተኛው ከስማችሁ ላይ ሲያነሳው በዓይናችሁ እዩና ከዚያ ውጡ።